የላትሮብ ካንትሪ ክለብ የጎልፍ ሜዳ፦ አባት ያበጀው፣ ልጅ የገዛው

ላትሮብ ካንትሪ ክለብ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በዌስትሞርላንድ ካውንቲ የሚገኝ የግል የጎልፍ ክለብ ነው። ከፒትስበርግ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ይወስዳል። ጎልፍ ኳስን በዱላ እየመቱ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው፤ ይህ ሜዳ ባለ 18 ጉድጓድ ነው። ክለቡን ዓለም የሚያውቀው በአርኖልድ ፓልመር ስም ነው። ዝነኛው ጎልፍ ተጫዋች ያደገው እዚሁ ሜዳ ዳር ነው። ጨዋታውን የተማረውም እዚሁ ነው። በ1971 ክለቡን ራሱ ገዛው። በ2016 ሲሞትም አመዱ የተበተነው እዚሁ ሣር ላይ ነው።

ይህን ያዘጋጀሁት ስለ ክለቡ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ስለ ፓልመር ዋንጫዎች ብዙ ተብሏል። ስለ ሜዳውና ሜዳውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለጠበቀው አባቱ የሚወራው ግን ትንሽ ነው። እኔ አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን በሌላ የጎልፍ ሜዳ ሁለት ሰመር ሣር አጭጃለሁ። ልቤ ወደ አባትየው የሚያደላው ለዚህ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ካንትሪ ክለብ ሲባል

ካንትሪ ክለብ አባላቱ በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍሉበት የመዝናኛ ክበብ ነው። የጎልፍ ሜዳ፣ የመዋኛ ገንዳና የመመገቢያ አዳራሽ ይኖረዋል። በትንንሽ የአሜሪካ ከተሞች ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የፋብሪካው አለቃና የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቅዳሜና እሑድ የሚገናኙት እዚያ ነበር። በከተማው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚለየውም እዚያ ነው። ሣር አጫጁና ወጥ ቤቱ በጓሮ በር ይገቡ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ክለቦች ሲወራ የቀለም ነገር ሊዘለል አይገባም። በብዙዎቹ ጥቁር ሰው የሚገባው ወይ አስተናጋጅ ወይ ካዲ ሆኖ ነበር። ካዲ የተጫዋቹን ቦርሳ ተሸክሞ አብሮት የሚዞር ሰው ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበርም በደንቡ ውስጥ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። አንቀጹ የተሰረዘው በ1961 ነው። የፓልመሮች ታሪክ የመደብ ታሪክ ነው፤ እነሱን ከደጅ ያስቀራቸው ገንዘብና ማዕረግ ነበር። ለጥቁር ሰው ግን ያው ደጅ ሁለት ቁልፍ ነበረው።

ከተማዋ

ላትሮብን የወለዳት ባቡር ነው። የቆረቆራት ኦሊቨር ባርንስ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ባቡር መሐንዲስ ሲሆን ስሙን ያገኘችው ከሙያ ጓደኛው ከቤንጃሚን ላትሮብ ነው። በ1854 የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆነች። ሎያልሃና የተባለው ወንዝ በመሀሏ ያልፋል። በስተምሥራቅ የአሌጌኒ ተራሮች ይጀምራሉ። ነዋሪዋ ዛሬ 8,000 ገደማ ነው። እንጀራዋ ብረት ነበር፤ ላትሮብ ስቲል በ1913 ተቋቋመ። በ1939 ደግሞ ሮሊንግ ሮክ ቢራ እዚህ መጠመቅ ጀመረ። በ2006 የምርቱ ስም ተሸጦ ጠመቃው ወደ ሌላ ግዛት ሄደ።

ላትሮቦች የሚኮሩበት አያጡም። በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ስንቱን አሜሪካዊ ልጅ ያሳደገው ፍሬድ ሮጀርስ በ1928 የተወለደው እዚህ ነው። ፓልመርን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል። ሁለቱም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ሮጀርስ ባለጸጋ ቤት ነው ያደገው።

ባናና ስፕሊት የሚባለው አይስክሬምም የላትሮብ ነው። በ1904 ዴቪድ ስትሪክለር የተባለ ወጣት እዚሁ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሙዝ ለሁለት ሰንጥቆ ሦስት ማንኪያ አይስክሬም ደረደረበት። የኦሃዮዋ ዊልሚንግተን «የእኔ ነው» ትላለች። እሷ የምትጠቅሰው ግን 1907ን ነው። ቀድማ የሠራችው ላትሮብ ናት፤ ለእኔ ነገሩ ያለቀ ነው።

የፉትቦሉ ጉዳይ ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም። በ1895 የላትሮብ ቡድን ከጎረቤቱ ከጃኔት ጋር ሲጫወት ለጆን ብራሊየር 10 ዶላር ከፈለ። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ፉትቦል ተከፍሎት የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ሲባል ኖረ። በኋላ በ1892 ፒትስበርግ ውስጥ ለአንድ ተጫዋች 500 ዶላር መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ተገኘ። ቀዳሚነቱ በዚሁ ወደ ፒትስበርግ ሄደ።

አጀማመር

ክለቡ የተመሠረተው በ1920 እና በ1921 መካከል ነው። ቦታው ያንግስታውን በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ነበር።

ዲከን

በ1921 ሜዳው ሲቆፈር ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ሚልፍሬድ ፓልመር የተባለ ጎረምሳ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ዲከን» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ልጅ ሳለ ፖሊዮ መትቶት አንድ እግሩን ጎድቶታል። አካሄዱ ያነክስ ነበር። ክንዱና ትከሻው ግን የብርቱ ሰው ነበር። አካፋ ይዞ የገባበትን ሜዳ እስኪሞት ድረስ አልለቀቀም።

በ1926 የሜዳው ኃላፊ ሆነ። ሣሩ፣ ውኃው፣ ዛፉ፣ ቦዩ ሁሉ በእሱ እጅ ገባ። ቀጥሎ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። አባላት መዋጮ መክፈል አቃታቸው። ክለቡ ለሜዳው አንድ ሰው፣ ለትምህርቱ ሌላ ሰው መቅጠር ከበደው። ዲከን ሁለቱንም ሥራ ጠቀለለ። በ1933 የክለቡ ፕሮ ሆነ። ፕሮ ማለት ለአባላት ጨዋታ የሚያስተምር፣ ዕቃ መሸጫውንም የሚይዝ ባለሙያ ነው። እንግዲህ ጠዋት ሣር ያጭዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ቀይሮ የሐኪሙን የኳስ አመታት ያርማል።

ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በእጁ ላልሠራው ሰው አይገባውም። እኔ በሠራሁበት ሜዳ የምንገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር። ጤዛው ሳይነሳ በረዥም ዘንግ ሣሩን እንጠርጋለን፤ እርጥበቱ ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል። ከዚያ ግሪኑ ይታጨዳል። ግሪን ጉድጓዱ ያለበት፣ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰው ቦታ ነው። ዛሬ የግሪን ሣር የሚታጨደው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጎ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። የማጨጃው ምላጭ ትንሽ ከተዛባ መሬቱን ይልጠዋል፣ የወሩ ልፋት በአንድ ጠዋት ገደል ይገባል።

ጉድጓዱም በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ስፋቱ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ 108 ሚሊ ሜትር። በክብ መቁረጫ አዲሱን ትቆፍራለህ። የወጣውን የአፈር ድፍን ወስደህ አሮጌውን ትደፍንበታለህ። ከዚያ ውኃ ታጠጣዋለህ። በደንብ ከተሠራ በሳምንቱ የት እንደነበር አታገኘውም። ኳስ ከሰማይ ወርዶ የወጋው ቦታም አለ። ሹካ በመሰለች መሣሪያ ዙሪያውን ወደ መሀል ገፋ ገፋ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ በጫማህ ትረግጠዋለህ። በዕለቱ ካልተጠገነ ደርቆ ቡናማ ይሆንና ለሳምንታት ጠባሳው ይታያል። አለቃችን ግሪኑን በጀርባው ሆኖ እንኳ ያልተጠገነ ቀዳዳ የሚያይ ይመስለን ነበር። ስለ ዲከን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

የምዕራብ ፔንሲልቬኒያ አየር ለሣር አይመችም። የበረዶው ወራት ረጅም ነው። በጁላይና በኦገስት ደግሞ ወበቁ ያፍናል። ዲከን ይህን ሁሉ ያለ ዛሬው መድኃኒትና ያለ ዛሬው የውኃ መስመር ነው የተወጣው። እውነቱን ለመናገር፣ በላትሮብ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ጎልፈኛ ማን ነው ብትሉኝ ልጁን እጠራለሁ። ትልቁ ባለሙያ ማን ነው ብትሉኝ ግን አባትየውን ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዲከን ክለቡ ውስጥ ቤተኛም ባይተዋርም ነበር። ያለ አባል ግብዣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አይቀመጥም። አባላት ልብስ ወደሚቀይሩበት ክፍልም ዝም ብሎ አይገባም። ደንቡን ማንም እንዲያስታውሰው አይጠብቅም ነበር። ራሱ ያከብረዋል፣ ልጆቹንም ያስከብራል። አንዳንዱ ይህን ትሕትና ይለዋል። እኔ ኩራት ነው እላለሁ፤ «ውጣ» የሚባልበት ቦታ አስቀድሞ የማይገባ ሰው ኩራት።

የሜዳው ዳር ልጅ

አርኖልድ ፓልመር የተወለደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1929 ነው። ቤታቸው እዚያው ሜዳው ዳር ነበር። ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ አባቱ አንድ የሴት የጎልፍ ዱላ ቆርጦ አሳጠረለት። ከዚያ ትንንሽ እጆቹን ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ በዱላው ላይ አስተካከለለት። እንዲህ ያዝ፣ ይህን አያያዝ አትቀይር አለው። ልጁም እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልቀየረም። ስለ አመታቱ ቅጥ አባትየው ብዙ አልተጨነቀም። በኃይል መምታት ነው፣ ኳሷን ፈልጎ እንደገና መምታት ነው። የፓልመር አመታት እንደሌሎቹ የተስተካከለ አልነበረም የሚሉ ሁሉ ሥሩን እዚህ ቢፈልጉ ያገኙታል።

ልጁ በሜዳው ላይ እንደልቡ መጫወት አይችልም ነበር። ወይ አባላቱ ሳይመጡ በማለዳ፣ ወይ ከሄዱ በኋላ ሲመሽ፣ ወይም ክለቡ በሚዘጋበት ሰኞ ነው። ገንዳው ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድለትም። የአባላት ልጆች ሲንቦጫረቁ ድምፃቸውን እየሰማ እሱ ወንዝ ወርዶ ይዋኝ ነበር።

የመጀመሪያዋን የጎልፍ ገንዘብ ያገኘው አምስት አምስት ሣንቲም ነው። አንዲት የክለቡ አባል ሴት ነበሩ። በአንዱ ጉድጓድ መነሻ ፊት ለፊት ቦይ አለ፤ ኳሳቸው ሁልጊዜ እዚያ ይገባባቸዋል። ትንሹ አርኖልድ በአካባቢው ጉብ ብሎ ይጠብቃል። ሴትየዋ ሲመጡ ይጠሩታል፣ ኳሷን ከቦዩ ማዶ ይልክላቸዋል፣ አምስት ሣንቲሙን ይቀበላል።

ከፍ ሲል ካዲ ሆነ፣ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ሠራ፣ ሣር አጨደ። ከአባቱ ጋር አሮጌውን ትራክተር ይነዳ ነበር። የዚያን ጊዜ ትራክተር መሪው ድንጋይ ነው፤ ለማዞር ሰውነትን ሁሉ ይጠይቃል። ፓልመር ራሱ የትከሻውንና የክንዱን ጉልበት ያገኘው ከዚያ መሪ እንደሆነ ይናገር ነበር።

የአባቱ ቁጣ በአንድ ነገር ይታወቃል። አርኖልድ ጎረምሳ ሳለ በአንድ የወጣቶች ውድድር ላይ አንድ ምት ተበላሸበትና ተናዶ ዱላውን ወረወረ። ውድድሩን ግን አሸነፈ። ወደ ቤት ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ደስታ የለ፣ እንኳን ደስ ያለህ የለ። በመጨረሻ አባትየው ተናገረ፦ ዳግመኛ ዱላ ስትወረውር ባይህ ጎልፍ አበቃ አለው። ልጁ ሁለተኛ አልወረወረም።

ውድድሮቹ

የፓልመርን ድል ሁሉ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ዋና ዋናውን ልበል። ዌክ ፎረስት ኮሌጅ ገባ። የቅርብ ጓደኛው በመኪና አደጋ ሲሞትበት ትምህርቱን አቋርጦ ሦስት ዓመት በባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገለገለ። በ1954 የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆነና በዚያው ዓመት ወደ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ገባ። ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር አራት ጊዜ ወሰደ፦ በ1958፣ በ1960፣ በ1962 እና በ1964። የአሜሪካን ኦፕን በ1960፣ የብሪታንያውን ኦፕን በ1961 እና በ1962 አሸነፈ። ፕሮፌሽናሎች ከቦታ ቦታ እየዞሩ በሚወዳደሩበት በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር በጠቅላላው 62 ድል አለው።

ከእነዚህ ሁሉ የላትሮብን ልጅ የሚያሳየው በ1960 ዴንቨር ላይ የተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ነው። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ፓልመር በሰባት ምት ወደ ኋላ ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመነሻው 346 ያርድ (316 ሜትር ገደማ) ይርቃል። ሌላው ሰው በሁለት ምት የሚደርስበትን ግሪን እሱ በአንድ ምት ደረሰበት። ዙሩን በ65 ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ። በኃይል መምታት፣ ፈልጎ እንደገና መምታት ማለት ይህ ነው።

ልቡን ያመመው ሽንፈትም እዚሁ ደጁ ላይ ነው። የ1962ቱ የአሜሪካ ኦፕን በፒትስበርግ አጠገብ በኦክሞንት ተካሄደ፤ ለላትሮቦች የቤታቸው ያህል ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከፓልመር ጋር ነበር። የ22 ዓመቱ ጃክ ኒክላውስ በመለያ ጨዋታ 71 ለ74 አሸነፈው። በ1994 ፓልመር የአሜሪካን ኦፕን ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት ቦታው ያው ኦክሞንት ነበር። ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ወደ ባለቤትነት

ፓልመር ዓለምን ሲዞር ቤቱን ከላትሮብ አላነሳም። የበረዶውን ወራት ፍሎሪዳ ያሳልፋል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ቢሮውም ከክለቡ አጠገብ ነበር። መብረር የተማረውም እዚሁ በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማረፊያው በ1999 በስሙ ተሰይሟል፤ የነሐስ ሐውልቱም እዚያ ቆሟል።

በ1966 37ኛ ልደቱ ነበር። ባለቤቱ ዊኒ ለእሱ ሳትነግር አንድ እንግዳ ጠራች። በሩ ሲንኳኳ ሄዶ ከፈተ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ትንሽ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ለአንድ ሽማግሌ ማደሪያ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። ስጦታቸው በገዛ እጃቸው የሣሉት ሥዕል ነበር።

ሜዳው ወደ 18 ጉድጓድ ያደገው በ1960ዎቹ ነው። ሁለተኛውን ዘጠኝ አባትና ልጅ ተመካክረው ቀየሱት። የድሮው ዘጠኝም በዚያው ተነካክቷል። ከዚያ በ1971 ፓልመር ክለቡን ገዛ። ያኔም ፕሮው አባቱ ነበር። ባለቤቱ ልጅ፣ ተቀጣሪው አባት ሆኑ። ልጅየው ከዚያ በኋላም ስለ ሜዳው የሚጠይቀው አባቱን ነበር ይባላል፤ ሌላ ማንን ሊጠይቅ ይችላል?

ዲከን በ1976 ፍሎሪዳ ውስጥ ሞተ። የሞተበትን ቀን የዋለው ጎልፍ ሲጫወት ነው። አካፋ ይዞ ከገባበት ዓመት ጀምሮ ሲቆጠር 55 ዓመት ይሆናል።

ሜዳው ዛሬ

ክለቡ የግል ስለሆነ የሚጫወቱበት አባላትና እንግዶቻቸው ናቸው። መሬቱ ወጣ ገባ ያለ ኮረብታ ነው። በቦዮቹ ላይ ጣሪያ ያላቸው ቀይ የእንጨት ድልድዮች ተሠርተዋል፤ በድሮ ጊዜ በዚህ ግዛት ገጠር የነበሩትን ይመስላሉ። በመጸው ቅጠሉ ሲቀላ ከድልድዮቹ ጋር ይመሳሰላል። ሰው ፎቶ የሚያነሳው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን የሜይ ወሩን እመርጣለሁ፤ ሣሩ ከበረዶ ተርፎ የሚነቃበትን።

አርኖልድ ፓልመር ሴፕቴምበር 25 ቀን 2016 በ87 ዓመቱ ፒትስበርግ ውስጥ ሞተ። ቤተሰቡ አመዱን በሜዳው ላይ በተነ። በዕለቱ ቀስተ ደመና መታየቱን የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። የመታሰቢያው ሥርዓት የተደረገው ኦክቶበር 4 ቀን እዚሁ ላትሮብ ባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዱስ ቪንሰንት ባሲሊካ ነው። ባሲሊካው መነኮሳት በ1846 በመሠረቱት ገዳም ቅጥር ውስጥ ይገኛል። ኒክላውስ ንግግር አደረገ፤ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። የፓልመር አውሮፕላን ከባሲሊካው በላይ ዝቅ ብላ አለፈች።

ሜዳውን ማየት የሚፈልግ በሥራ ቀን፣ በማለዳ ቢያልፍ ይሻለዋል። ተጫዋቾቹ ገና አልመጡም። ጤዛው ላይ የማጨጃው መስመር አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የትናንቱን ጉድጓድ እየደፈነ ይሆናል።